በሙቀት ያሳበብነው እግር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጫማ አልነካሁም። ቀኑን ሙሉ የአለቃዬን እግር ስስል ነው የዋልኩት።

ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ እኔም እዚያው እንድቀጠር ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ልቤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለችው ጠባብ የጫማ መሥሪያ ቤት ላይ ነበር። ባለቤቱ አርመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ድሬ ሁሉ በፈረንሳዮች ወግ "ሙሴ" ነበር የሚላቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻል ነበር፣ ስድባቸውም እንደዚያው።

"ጫማ ትወዳለህ?" አሉኝ።

"በጣም እንጂ ሙሴ!"

"እንግዲያው ሂድና ሊስትሮ ሁን። እኔ የምፈልገው እግር የሚያውቅ ሰው ነው።"

ወረቀት መሬት ላይ አነጠፉ፣ ካልሲያቸውን አወለቁና ቆሙበት። እርሳስ አቀበሉኝ። ተንበርክኬ ሳልኩ። እርሳሱን ወደ ውስጥ ካዘነበልከው መሥመሩ እግር ሥር ይገባና ጫማው ይጠባል፤ ወደ ውጭ ካዘነበልከው ደግሞ ጫማው ይሰፋል። ቀጥ ማለት አለበት። ሃያ ጊዜ ሳልኩ፣ ሃያውንም ጊዜ ቀደዱብኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ እናቴ በሳቅ ሞተች።

ሙሴ ሦስት ሕግ ነበራቸው። ደንበኛው ባለፈው ሳምንት የመጣ ቢሆን እንኳ ልኩ እንደ አዲስ ይወሰዳል። የሚወሰደውም አሥር ሰዓት ላይ፣ ከቀትር ዕረፍት በኋላ ነው፤ የድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ እግር ያሳብጣልና ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይነክሳል። ሦስተኛው፣ ወረቀቱ ላይ ስም፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ አይጣልም።

እዚያ ቤት ማዕረግ ነበር። አዲስ ገቢ ማስቲሽ ይቀባል፣ ሚስማር ያቃናል። ቀጥሎ ሶል ይመታል። ከዚያ ቆዳውን ፎርማ ላይ ይወጥራል፤ ፎርማ የምንለው በእግር ቅርጽ የተጠረበ እንጨት ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ልክ ወሳጁ ነው። እኔ የደንበኛ እግር ብቻዬን እንድለካ የተፈቀደልኝ በስድስተኛው ዓመት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

ሙሴ አቅም ሲያንሳቸው ቤቱን ለእኔ ለቀቁ። ሣጥኑን በእጃቸው አስረክበውኝ፣ "ሕጉን አትርሳ" አሉኝ። "ምን ነካዎት ሙሴ፣ እንዴት እረሳለሁ!" አልኳቸው። ረሳሁት።

የረሳሁት በኢብራሂም ላይ ነው። ኢብራሂም የሐረር መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው። መጋላ ሰፈር ነው ቤቱ፤ ሲስቅ ድምፁ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። በየዓመቱ ለኢድ አንድ ጥቁር ዝግ ጫማ እኔ ጋ ያሠራል። የመጀመሪያውን ጫማ ስሠራለት ቁጥሩ አርባ አንድ ነበር፤ ለአራት ዓመት ፍንክች አላለም። አምስተኛው ዓመት ላይ፣ "ና ቁም" ልለው ስል፣ "አቦ ተወኝ፣ እግሬን ከሚስቴ በላይ ታውቀዋለህ" አለኝ። ደስ አለኝ። እውነትም የማውቀው መሰለኝና መለካቱን ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ጫማው "ትንሽ ያዘኝ" ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ ለጠፍኩና አሰፋሁለት። በዓመቱ ሌላ ቁራጭ። "ሙቀቱ ነው" እለዋለሁ። "ሙቀቱ ነው" ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጨርሶ አልገባ ሲለው፣ አዲስ ወረቀት አንጥፌ ሳልኩት፤ አርባ ሦስት ሊሆን ምንም አልቀረው። ከአሮጌው ጋር ሳላስተያይ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት። ይኸው ነው ጥፋቴ።

እዚህ ከተማ የሚሳበበው በሙቀት ብቻ አይደለም፣ በምቾትም ነው። ኢብራሂም ፊቱ ሰፋ፣ አገጩ ወጣ፣ አፍንጫው ወፈረ። ቀፊራ ገበያ የሚያየው ሰው ሁሉ "ኢብሮ ተመችቶሃል!" ይለዋል። እሱም "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ራሱን ሲያመው ፀሐይ መታኝ ብሎ በሻሽ ያስራል። ላብ በላብ ሲሆን፣ ድሬ ላይ ማን አያልበውም?

ከሁለት ዓመት በፊት ትልቋ ልጁ ኒካህ ልታስር ሆነ። "የአባትነት ጫማ ሥራልኝ" አለኝ። ያለኝን ጥሩ ቆዳ መረጥኩ። ቶማያውን፣ ማለትም የጫማውን የላይኛውን ክፍል፣ የሰፋችው አልማዝ ናት። አልማዝ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የሠራች፣ እጇም ምላሷም የሰላ ሴት ናት። ልኩን ከዚያው ከወረወርኩት ወረቀት ላይ ወሰድኩ። ያ ወረቀት ሦስት ዓመት አልፎታል።

ኒካሁ ባለፈ በማግስቱ ኢብራሂም ጫማውን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ መጣ። ወረወረልኝ ብል ይቀለኛል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

"ልጄን በነጠላ ጫማ ዳርኩ" አለኝ። "ያ ሁሉ እንግዳ እግሬን ሲያይ ዋለ። ታደሰ፣ አርጅተሃል። እጅህ ሄዷል።"

እጅህ ሄዷል! አልማዝ እየሰማች! ደሜ ፈላ። "እጄ የትም አልሄደም" አልኩት። "ና ቁም፣ አሁኑኑ አሳይሃለሁ!" ወረቀት አነጠፍኩ። እሱም በንዴት ቆመበት። እንዲያው ልረታው ብዬ፣ እርሳሱን እንደ ሙሴ ቀጥ አድርጌ ሳልኩት። ስጨርስ ዞር ሲል ከበሩ መቃን ጋር በትከሻው ተላተመና ወጥቶ ሄደ። እኔም ተናድጄ አልማዝ ላይ ዞርኩ።

"አንቺ ነሽ አጥብበሽ የሰፋሽው!"

"እኔ የሰፋሁት በሰጠኸኝ ልክ ነው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ልኩን መቼ ነው የወሰድከው? እስቲ አምጣው።"

ሣጥኑን ከፈትኩ። አልማዝ ከኢብራሂም ወረቀቶች የፊተኛውን፣ የመሐሉንና የዛሬውን ከእጄ ወሰደችና ተረከዛቸውን ገጥማ መስኮቱ ላይ አነባበረቻቸው። ብርሃኑ አሳልፎ አሳየን። ከውስጥ የአርባ አንዱ መሥመር፣ ከዚያ የመሐሉ፣ ከውጭ የዛሬው። አርባ አራት። ሦስቱም አሥር ሰዓት ላይ የተለኩ ነበሩ፤ የዛሬው እንኳ በአጋጣሚ እዚያው ሰዓት ላይ ውሏል።

የሰው እግር ሲወፍር፣ ሲያረጅ፣ ሴት ስታረግዝ ወደ ጎን ሊሰፋ እንደሚችል የሙያው ሰው ያውቃል። ይሄ ግን ወደፊትም ረዝሟል። አውራ ጣቱ ከቀድሞው አልፎ ሄዷል።

"ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ያድጋል እንዴ?" አለችኝ አልማዝ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ሰናይት የሳንዳሏን ማሰሪያ ልታስጠግን መጣች። ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስለምትቆም ጫማዋ ከእኔ ቤት አይጠፋም። ነገሩን እንደ ጨዋታ አነሳሁላት። ወረቀቶቹን ስታይ ግን ጨዋታውን ተወችው።

"ቀለበት ያደርጋል?"

"የብር ቀለበት ነበረው። ጠቦበት አልወጣ ብሎ ወርቅ ሠሪ ቤት በመጋዝ አስቆርጦታል። እየሳቀ ነው የነገረኝ።"

"ራሱን ያመዋል?"

"ሻሽ ከራሱ አይጠፋም።"

"ያልበዋል?"

"ኧረ ሲስተር፣ ድሬ ላይ!"

አልሳቀችም። "መኪናውስ? ይጋጫል?"

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ኢብራሂም በሃያ ዓመት አንድ ጭረት ያልነካው ሾፌር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ግራ መስተዋቱ ተሰበረ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀኙ። "የባጃጅ ልጆች ናቸው" ይል ነበር። የበሩ መቃንም ትዝ አለኝ።

ሰናይት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል፣ ዕድገትን የምታዝ ዕጢ አለች አለችኝ። እሷ ላይ እብጠት ሲበቅልባት፣ እሱንም ዕጢ ነው የሚሉት፣ ትእዛዙ ይበዛና የጎልማሳ እጅና እግር፣ አገጭና አፍንጫ እንደገና ማደግ ይጀምራል። የዓይን ነርቭ ደግሞ ከላይዋ ነው የሚያልፈው፤ ሲጫነው ሰውየው ፊት ለፊት እያየ ግራና ቀኙ ይጠፋበታል።

"ካንሰር ነው?" አልኳት።

"ብዙ ጊዜ አይደለም። ሕክምናም አለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ልሳሳትም እችላለሁ። ግን ጋሽ ታደሰ፣ ይህ ሰው ሳይመረመር መንዳት የለበትም። ዛሬውኑ ሂድ።" የጎን እይታ እንዴት እንደሚፈተንም ወንበር ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ።

የተጣላኝ ሰው ቤት እንዴት ይኬዳል? ያውም ሙያዬን የነካ! እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል መዶሻ እያነሳሁ ስጥል ቆየሁ። አልማዝ ወረቀቶቹን ጠቅልላ ብብቴ ሥር ከተተችልኝ። "ሂድ! ኋላ ዓይኑ ቢጠፋ ምን ልትለው ነው፣ ሙቀቱ ነው?"

በደቻቱ ድልድይ ተሻግሬ መጋላ ደረስኩ። ኢብራሂም በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ዘሃራ ውሃ አመጣችልኝ። እሱ ቀና ብሎም አላየኝም።

"አውፍ በለኝ ኢብሮ" አልኩት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ልክህን አልወሰድኩም።"

ይህን አልጠበቀም። "አቦ ተወው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኸይር ነው።"

"ሌላም ነገር አለ።" ወረቀቶቹን ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው። አየና ሳቀ፤ "ተመችቶኝ ነዋ!" አለ። ዘሃራ ግን አልሳቀችም። "ድምፁም ጎርንኗል" አለች። "ማንኮራፋቱን ደግሞ ጎረቤት ይመስክር። ጥርሱ መሐል ያለው ክፍተት ድሮ አልነበረም።"

ሁለቱንም በየተራ እንድፈትናቸው ለመንኳቸው። መጀመሪያ ዘሃራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አንድ ዓይኗን ሸፈነች፣ አፍንጫዬን እያየች፤ እኔ ቆዳ ላይ የማሰምርበትን ነጭ ጠመኔ ከጆሮዋ በኩል ቀስ እያልኩ አመጣሁ። ወዲያው "አየሁ" አለች። ቀጥሎ ኢብራሂም ተቀመጠ። ቀኝ ዓይኑ ሲከፈት ከቀኙ አመጣሁለት። ጠመኔው ጆሮውን አለፈ፣ ጉንጩን አለፈ፣ ፊቱ አጠገብ ደረሰ።

"በል አምጣዋ!" አለኝ። "ምን ትጠብቃለህ?"

ዘሃራ አፏን በእጇ ያዘች። ጠመኔው ከቅንድቡ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። በግራውም እንደዚያው ሆነ።

ኢብራሂም ሲገባው ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ አየው። ከዚያ፣ "ትናንት አሥራ አራት ሰው ይዤ ደንገጎን ወርጃለሁ" አለ። ደንገጎ ከሐረር ወደ ድሬ የሚወረድበት ጠመዝማዛ ገደል ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ለዘሃራ ሰጣት።

በማግስቱ ሲስተር ሰናይት ወደ ሆስፒታል ወሰደችን። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እጁን ከእጇ አጠገብ አስቀምጣ አየች፣ ዓይኑን ፈተነች፣ የደም ምርመራ አዘዘች፣ የጭንቅላት ምስል ይነሳ ብላ ወደ አዲስ አበባ ጻፈች። ወረቀቶቼን ሳሳያት ፎቶ አነሳቻቸው። "እንዲህ ያለ ማስረጃ ታካሚ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም" አለች።

እኔም ቀና አልኩና ደፍሬ ጠየቅኋት። "ዶክተር፣ እያንዳንዱ ራስ ምታት እንዲህ ነው እንዴ? እኛ እኮ ሁላችንም ያመናል።"

"አይደለም" አለችኝ። "አብዛኛው ራስ ምታት ከዕጢ አይደለም። ሁሉም ዕጢ ደግሞ ጫማ አያጠብም። ጠዋት ጠዋት ከትውከት ጋር የሚብስና እየጨመረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ በጎልማሳነት እንግዳ ሆኖ የሚመጣ የሚጥል በሽታ፣ በአንድ ጎን የሚደክም እጅ ወይም እግር፣ የሚኮላተፍ ንግግር፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የጠባይ መለወጥ፤ እነዚህ ሲታዩ ሰው ቶሎ ይምጣ። ድንገት የመጣ ከሆነማ ሰዓትም አያባክን።"

"እኔ ከሦስት ዓመት በፊት አስተያይቼ ቢሆን ኖሮስ?"

"ይሻል ነበር" አለች። ልታባብለኝ አልሞከረችም። "ግን አልመሸም።"

ውጤቱ እንደተፈራው ሆነ። ዕጢው እዚያው ሥፍራ ላይ ነበር፤ ክፉው ዓይነት ግን አልነበረም። ቀዶ ሕክምናው በአፍንጫ በኩል እንደሚደረግ ሲነገረው ኢብራሂም ስልክ ደወለልኝ።

"ታዴ፣ አፍንጫዬ የወፈረው ለካ መንገድ እየጠረገላቸው ነው!" አለኝ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተቆረጠና፣ "ባልመለስ ዘሃራን አደራ" አለኝ። "ዝም በል፣ ያልከፈልከኝ የጫማ ዋጋ አለብህ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። አልማዝ የስፌት መኪናዋን ማንቀሳቀስ አቆመች። "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" አለችኝ። "ባትጣሉ ኖሮ መቼ ትለካው ነበር?"

በቀዶ ሕክምናው ቀን አንድ ሶል ሁለት ጊዜ ገልብጬ መታሁ። ዘሃራ ከቀትር በኋላ ደወለች። "ወጥቷል፣ አውርቶኛል" አለች። ሌላ ያለችውን አላስታውስም።

ክትትሉ ብዙ ወራት ወሰደ። መድኃኒት አለው፣ ደሙ በየጊዜው ይታያል። መንዳት የተፈቀደለት የዓይን ሐኪሞች ደጋግመው ካዩት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሚኒባሱን ሌላ ሾፌር ያዘለት።

ዘንድሮ ኢድ ሊደርስ ሲል፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ ኢብራሂም በሩን አልፎ ገባ። መቃኑን አልነካውም። ፊቱ ቀለል ብሎታል። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እያየ ያለው እኔን ነው፤ አልማዝ በስተቀኙ ጥግ መኪናዋ ላይ ናት።

ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ "አልማዝ፣ ምን ያስቅሻል?" አላት።

አልማዝ መቀሷ ከእጇ ወደቀ። እውነትም እየሳቀች ነበር።

"ና ቁም" አልኩት።

"አቦ፣ እግሬን ከሚስቴ በላይ..."

"ዝም ብለህ ቁም!"

ቆመ። ተንበርክኬ ሳልኩት፤ ዛሬ ጉልበቴ እንደ መጀመሪያው ቀን አልታጠፍ ይላል። ወረቀቱን በሦስተኛው ላይ አድርጌ መስኮቱ ላይ ያዝኩት። ርዝመቱ መሥመር በመሥመር ላይ ወደቀ። ወርዱ እንዲያውም የእርሳስ ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። አጥንት እንደማይመለስ፣ የሥጋው እብጠት ግን እንደሚቀንስ ሐኪሟ ነግራን ነበር። አርባ አራት። አላደገም።

ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩበትና ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ያ የመጨረሻ ጫማዬ ነው፤ አሁን ቤቱን አልማዝ ይዛዋለች። ሣጥኑንም አስረክቤያታለሁ።

ለእናንተ ልክ ለምትወስዱ ልጆች የምለው አጭር ነው። የአዋቂ ሰው እግር ሦስት ቁጥር ያህል ወደፊት አይረዝምም። ከረዘመ፣ ቀለበቱም ከጠበበው፣ ፎርማ ላይ ቆዳ አትለጥፉ፤ ሐኪም ጋ ስደዱት። ልክ በየጊዜው እንደ አዲስ ይወሰድ። አሮጌው ወረቀት አይጣል፤ ከአዲሱ ጋር ይነባበር።